ውሃ የገባበት ቤንዚን

ሚስቱ በጆግ የሳር ማጨጃው የቤንዚን ሰልባትዮ ውስጥ ውሃ ስትጨምር ያያት በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ነው። ገና ማለዳ ነው፤ ጎረቤት በሩን አልከፈተም። ሰውየው ፊቱን ሊታጠብ ተነስቶ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነበር። እሷ ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ቤንዚን የሚሞላበትን ክዳን ፈትታ መቀመጫው ላይ አስቀምጣ፣ አበባ እንደሚያጠጣ ሰው ረጋ ብላ ታንቆረቁራለች። ስትጨርስ ጆጉን አራገፈች፤ ክዳኑን መልሳ አጠበቀች፤ ከዚያ በቀሚሷ ጫፍ ዙሪያውን ጠረገች። መጥረጓ ነው የባሰው! ሳያውቅ ያጠፋ ሰው አይጠርግም። እሷ ግን አንዲት ጠብታ እንዳትታይ ጎንበስ ብላ አየች፤ ደግማ ጠረገች፤ ኮቴዋን ሳታሰማ በጓሮ በር ገባች። ሰውየው ክው ብሎ ቀረ። ፎጣው ከትከሻው ወድቆ እግሩ ሥር ተኝቷል፤ ጎንበስ ብሎ ማንሳት አቃተው።

ይህን ሰው ሰፈሩ «መፍቻ» ነው የሚለው። ሬዲዮ ይፈታል፤ የተበላሸ ቁልፍ ይፈታል፤ የሰው ሰዓት «እስቲ አንዴ ልየው» ብሎ ተቀብሎ ባለቤቱ ዓይኑ እያየ ይፈታል። እጁ ገብቶ ያልተፈታ ነገር ቢኖር ሚስቱ ብቻ ናት እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ እሷም «ብሎኔ ዝጎበት ነው!» ብላ ታስቃቸዋለች። መተዳደሪያቸው ይኸው ጓሮ የቆመው፣ ተቀምጠው የሚነዱት አሮጌ የሳር ማጨጃ ነው። ግንባሩ ላይ ቀለሙ ተልጦ ነጭ ስለሆነ እንደ በሬ «ቦራ» የሚል ስም አውጥተውለታል። እሱ እየነዳ ያጭዳል፤ እሷ ባለ ጥርሱን መሰብሰቢያ ይዛ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ሳሩን ትሰበስባለች። ዋናው ደንበኛቸው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ነው። የሱ ሜዳ ከቀረባቸው ሌላው ሁሉ የሻይ መጠጫ ነው።

ታዲያ ከጥቂት ወራት ወዲህ ቦራ አመል አወጣ። መፍቻ ደህና እየነዳ ሳለ ድንገት ሞተሩ ጠፍቶ ያገኘዋል። መንተፋተፍ የለ፣ ማስነጠስ የለ፣ ጸጥ! ቤንዚን ያጠረው ሞተር እንኳ ከመሞቱ በፊት ይንፈራገጣል፤ ይሄ ግን እንደ መብራት ነው እልም የሚለው። ከመጥፋቱ በፊት ደግሞ የተቃጠለ ጎማ ይሸተዋል። ቺንጊያውን ቀየረ፤ ካንዴላውን ቀየረ። በመጨረሻ ጥርጣሬው ሁሉ ካርቡሬተሩ ላይ፣ ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው ወደ ሞተሩ በሚገቡባት ቡጢ በምታህል ብረት ላይ አረፈ። ፈታ፣ አጠበ፣ ገጠመ፤ እንደገና ፈታ። ሰሞኑን ደግሞ ጭራሽ አልነሳም አለው፤ ፈትቶ ቢያይ ውስጧ ውሃ! ያኔ ደሙ ፈላ። ቤንዚኑን የሚገዛው ከሰፈሩ ማደያ ነው፤ የሚቀዳለትም አማቹ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ውሃውን በብርጭቆ ይዞ ሄዶ ለኃላፊው አሳየና በሰልፉ ሁሉ ፊት «አንተ ሌባ! ውሃ እየቀላቀልክ የእህትህን ጉሮሮ ትዘጋለህ?» ብሎ አዋረደው። አማቹ አንገቱን ደፋ እንጂ አንዲት ቃል አልመለሰም። ንጹሕ ቢሆን ይናገር ነበር አለ መፍቻ፤ ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ ገባ።

እንግዲህ ውሃውን የምታስገባው እሷ ናት። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው!

ቁርስ ቀረበ። ሻይ፣ ከትናንት የተረፈ ዳቦ፣ ያው የዘወትሩ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ጠረጴዛው ከግድግዳው ተጣብቆ ስለቆመ ባልና ሚስት ጎን ለጎን እንጂ ፊት ለፊት አይቀመጡም፤ ዛሬ ይህ መሆኑ መፍቻን ደስ አለው። ስኳሩን አማስላ ብርጭቆውን ወደ እሱ ገፋችለት። እጇን አየው። ጥፍሯ ሥር የቀረ ነገር የለም፤ ንጹሕ ነው፤ ልጆቻቸውን ያጠበ፣ የሱን እራፊ ሱሪ ሲጥፍ የኖረ እጅ ነው። ዳቦውን መልሶ አስቀመጠው።

«ዛሬስ ይነሳ ይሆን?» አለችው፣ ዓይኗን ከሻይዋ ሳታነሳ።

«ምን ያግደዋል?»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

ለምን እዚያው አልጠየቃትም? እሱ ራሱ አያውቀውም። ተቆጥቶ መጮህ ያውቅበታል፤ ማደያው ይመስክር። ይሄ ግን ቁጣ አይደለም፤ ድንጋጤ ነው። ድንጋጤ ደግሞ አፍ ያስራል። ቢጠይቃት ትመልስለታለች፤ መልሱን ፈራው። ዛሬ ነገሩ የሞት ሽረት መሆኑን እሷም ታውቃለች። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ትናንት «ከነገ ወዲያ ወላጆች ይመጣሉ። ሜዳው ነገ ካልታጨደ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አዲሱን ድርጅት እጠራለሁ» ስትለው ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ሰምታለች። ያ ድርጅት የሚያብረቀርቁ ማጨጃዎች አሉት፤ መኪኖቹም ቤንዚን የሚሞሉት አማቹ ካለበት ማደያ ነው። መፍቻ አማቹ ከድርጅቱ ሹፌር ጋር ቆሞ ሲሳሳቅ በዓይኑ አይቷል። እህትና ወንድም ተማክረው ሊሸጡት ይሆን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ! ግን ደግሞ አማቹ ከተማከረ ስሙን ለምን አስጠፋ? ሌባ ተብሎ ለምን ዝም አለ? ሐሳቡን ቢገጥመው ቢገጥመው፣ ሁልጊዜ አንድ ብሎን እየተረፈ አስቸገረው።

ቁርሱን ገፋ አድርጎ ካርቡሬተሩን ፈትቶ አመጣና ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ትሪ ዘረጋ። ይህ ሥራ ሲሠራ እሷ አጠገቡ መቀመጧ የቆየ ልማድ ነው። ስንት ጊዜ አይታው! ካቻቢቴ ሲፈልግ ገና እጁን ሳይዘረጋ ታቀብለዋለች፤ ፒንሳውን ሳይጠራት ታነሳለታለች፤ የፈታውን እየተቀበለች በተፈታበት ተራ ትሪው ላይ ትደረድራለች፣ ሲገጥም እንዳይሳሳት። ዛሬም እንደዚያው ሆነች። ከሥር ያለችውን፣ ቤንዚን የሚጠራቀምባትን ኩባያ ሲፈታ፣ ውስጧ ያለውን ወደ ባዶ የሻይ ብርጭቆ ገለበጠው። ቤንዚኑ ከላይ ቀረ፤ ውሃው ከሥር ተኛ፤ በመሃላቸው በክር የተሰመረ የመሰለ መለያ ታየ። ብርጭቆውን አንስቶ እሷ ፊት አስቀመጠው። ፊቷን ያያል። አሁን ትናገራለች አለ፤ አሁን ትፈርሳለች አለ።

«አሁንም ውሃ?» አለች።

«አሁንም።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀጥላ ደግሞ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የወንድሜ ቤንዚን ነው መቼስ» አለች።

ኧረ በሕግ! መፍቻ የያዛት የካርቡሬተሯ መርፌ ከጣቱ አምልጣ ትሪው ላይ ተንከባለለች። ይቺ ሴት ወንድሟን በእጇ አሳድጋለች። እናታቸው ስትሞት እሷ ናት ያበላችው፣ ትምህርት ቤት የወሰደችው፤ ስለ እሱ ክፉ ቃል ከተነገረ ነብር ነበረች። አሁን ግን በገዛ እጇ ያስገባችውን ውሃ በወንድሟ ላይ ስታላክክ ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ወይስ ተንቀጥቅጧል? ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ሥራው ላይ አቀረቀረ። ቤንዚን የምትለካዋን ቀዳዳ ከኤሌክትሪክ ሽቦ በመዘዛት አንዲት ቀጭን ክር ጠረገ፤ በአፉ ነፍቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየባት። ተንሳፋፊዋን ጆሮው ሥር አድርጎ ናጣት፤ ፈሳሽ አልገባባትም። መርፌዋ የምትቀመጥበትን አፍ አጸዳ። አሮጌውን ጓርኒሲዮን፣ ያቺን ቀጭን የወረቀት ማሸጊያ፣ በጥፍሩ ፍቆ አነሳና አዲሱን ከላስቲኩ አወጣ። ዋጋው እንደ ወርቅ ሆኗል፤ ባለ ሱቁ «ነገ ከዚህም ይብሳል፣ ዛሬ ውሰድ» እያለ ነው የሸጠለት። ሁሉንም ሲገጥም አንድም የተረፈ ነገር የለም፤ ካርቡሬተሯ ከፋብሪካ የወጣች መሰለች። መሥራት እንደሚችል ያውቃል እኮ! ሁልጊዜም በደንብ ነው የሠራት።

ሰልባትዮውን አራግፎ አድርቆ፣ ጄሪካኑን አንስቶ ወደ ማደያው ወጣ። ካርቡሬተሯን ግን ቤት ትቷት መሄድ ፈራ። በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ዕቁብ እንደተቀበለ ሰው ብብቱ ሥር ሸጉጦ መንገድ ጀመረ። በገዛ ቤቴ፣ ከገዛ ሚስቴ ዕቃ የምደብቅ ሰው ሆንኩ ብሎ ሲያስብ እንባው መጣ፤ ሰው እንዳያየው መሐረቡን አውጥቶ ጉንፋን የያዘው መሰለ።

ማደያው ሲደርስ ከመቅጃው አጠገብ የቆመው ሌላ ሰው ነው። አማቹን ፈለገ። ከጀርባ፣ መኪና በሚታጠብበት ጭቃ ላይ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ የውሃ ጎማ በአንድ እጁ ስፖንጅ በሌላው ይዞ አገኘው። «እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው ሳያስበው። አማቹ በክንዱ ፊቱን ጠረገ። «ያው… ከዚያ ቀን ወዲህ ኃላፊው እዚህ አዛውሮኛል። ቤንዚን እንዳልነካ።» ያው ከዚያ ቀን ወዲህ! መፍቻ ውሃውን ማን እንዳስገባ ዛሬ ያውቃል፤ ይህ ሰው እንደ ሌባ ከሥራው የተነሳው በሱ አፍ ነው። ይቅርታ የምትለዋ ቃል እስከ ጥርሱ ድረስ መጣችና ተመለሰች። «እህትህ ናት» ቢል ደግሞ ማን ይሸከመዋል? ወይስ ያውቃል? ጄሪካኑን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ማጨድ ልትወጣ ነው ጋሼ?»

«አዎ።»

«እህቴ አብራህ ናት አይደል?»

«ዛሬ ቤት ትውላለች።»

ስፖንጁ ቆመ። ከጎማው የሚወርደው ውሃ የአማቹን እግር እያጠበ ሄደ፤ እሱ ግን አላስተዋለውም። «ጋሼ፣ እባክህ ብቻህን አትንዳ። ከፈለግክ እኔ አስፈቅጄ ልምጣ…»

«አንተን ደግሞ ማን ጠራህ!» አለና መፍቻ ዞሮ፣ ጄሪካኑን ከመቅጃው አስሞልቶ ሄደ። ድሮም ጠርጥሮ ነበር። ምስጢር አላቸው፤ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ብቻውን እንዳይሆን ይፈልጋሉ። ለምን? ብቻውን ከሆነ የሚያበላሽበት ሰው ስለማይኖር ነዋ! ቤቱ እስኪደርስ ይህችን ሐሳብ አላምጦ አላምጦ እውነት አደረጋት።

ካርቡሬተሯን ገጥሞ፣ ቤንዚኑን ሞልቶ ቁልፉን ሲያዞር ቦራ በመጀመሪያው ተነሳ። እንዴት ያለ ድምፅ! ለወትሮው ይህ ድምፅ ሲሰማ ከወጥ ቤት እልል የምትል ሚስት ነበረችው። ዛሬ እየሮጠች ወጣችና መሰብሰቢያዋን አነሳች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አንቺ ቤት ዋይ።»

«ምን ማለትህ ነው? ሳሩን ማን ይሰበስባል?»

«ነገ ይሰበሰባል። ግቢ ብዬሻለሁ።»

«እባክህ፣ አንተ ሰው። ዛሬ ብቻዬን ልሂድ አትበል። የፈለግከውን እሆንልሃለሁ።» እጁን ይዛ ለመነችው፤ እሷ ለምና አታውቅም። ፍርሃቷን በግልጽ አየው። የበደለኛ ፍርሃት ነው አለ በልቡ። በትዳራቸው አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረገ፤ ክንዷን ይዞ ወደ ቤት አስገባና በሩን ከውጭ ቀረቀረው። በቡጢ ትደበድበው ጀመር። «ብቻህን አትንዳ! ስማኝ፣ አትንዳ!» እያለች ትጮሃለች። መፍቻ መቀመጫው ላይ ወጥቶ ቤንዚን ሰጠ፤ ድምጿ በሞተሩ ድምፅ ተዋጠ።

ሜዳው ሲደርስ ልጆቹ እረፍት ላይ ነበሩ፤ ኳስ ያባርራሉ። ደወል ተደወለና እየተጋፉ ወደየክፍላቸው ገቡ። ዳይሬክተሯ ከቢሮዋ በረንዳ እጇን አውለበለበችለት። እሱም ባርኔጣውን አነሳላት። ቦራ እየዘመረ ሄደ። ሳሩ ከሥር እየታጨደ በጎን ይረጫል፤ የመጀመሪያው መስመር በክር የተለካ ነው። ደረቱ ቀለል አለው። አየሽ? አለ በሐሳቡ ሚስቱን፤ እጅሽ ካልነካው እንዲህ ነው የሚሠራው! ሁለተኛውን መስመር ጨርሶ ከግቡ ብረት አጠገብ ዞረ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተው። ቺንጊያውን እኮ ቀይሬዋለሁ፣ አለ።

ጸጥ።

ሞተሩ ጠፍቷል። መንተፋተፍ የለ፣ ማስነጠስ የለ። መፍቻ በንዴት ካቻቢቴውን ከኪሱ መዘዘ። «ካርቡሬተሩ!» ሊል አፉን ሲከፍት ምላሱ ከበደው። ቀና አለ። ግቡ የት ሄደ? አሁን ከግቡ ብረት አጠገብ ነበር፤ ፊቱ የቆመው ግን ግድግዳ ነው፤ የትንንሾቹ ክፍል ግድግዳ። የቦራ አፍንጫ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቆሟል። በመስኮቱ ከደርዘን የሚበልጡ ትንንሽ ፊቶች አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። አማቹ ከጎኑ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከማደያው ሮጦ ሲመጣ ሱሪው እንደተጠቀለለ ነው፤ ጉልበቱ ተልጦ ይደማል፤ በቀኝ እጁ የቦራን ቁልፍ ጨብጧል። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

አማቹ ቁልፉን ከፍ አድርጎ አሳየው።

«ለምን ታጠፋብኛለህ?»

አማቹ በአገጩ ወደ ኋላ አመለከተው። መፍቻ ዞሮ አየ። ያጨደው መንገድ ሜዳው ላይ ተጽፏል። ሁለቱ መስመሮች ቀጥ ብለው ሄደዋል። ከግቡ አጠገብ ግን መስመሩ ተጠማዞ፣ ሜዳውን በሰያፍ አቋርጦ፣ ልጆቹ ሲጫወቱበት በነበረው ቦታ መሃል አልፎ እዚህ ድረስ መጥቷል። መሃሉ ላይ ቀይ ነገር ተበትኗል። ሲያተኩር ኳስ ነው፤ ልጆቹ ደወል ሲሰሙ ጥለውት የገቡት ኳስ፤ በቢላው ተከትክቷል። ያንን ሁሉ መንገድ ነድቷል፤ አንዲቱን ክንድ እንኳ አያስታውስም።

«ስጠራህ አትሰማም ጋሼ» አለ አማቹ ቀስ ብሎ። «ዓይንህ ተከፍቷል፣ አፍህ የሆነ ነገር እንደሚያኝክ ይንቀሳቀሳል፣ እጅህ መሪውን አይለቅም። እህቴ የነገረችኝ ይሄንኑ ነው፤ እኔ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው።»

«እስከ ዛሬ… እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚያጠፋው?»

«እሷ ናታ። እየሮጠች።»

መፍቻ የአማቹን ትከሻ ይዞ ከመቀመጫው ወረደ። አምላኬ! ስንት ጊዜ ፈታት ያቺን ካርቡሬተር! ሞተሩ አንድ ቀንም በራሱ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ጸጥ ሲልበት የሚነቃው እሱ ነው፤ ቁልፉን የዘጋችው ሚስቱ ናት፤ እሱ ግን ዓይኑን ሲገልጥ «ሞተሩ ነው» ይላል፤ በሽታው ሊነሳበት ሲል የሚሸተውን ሽታ «ጎማ ነው» ይላል። መካኒክ አይደል? ሁሉም ነገር ብሎን ይመስለዋል። እሷ ነግራው ነበር፤ ትዝ አለው። «ሐኪም ቤት እንሂድ፣ ዓይንህ ይሄድብሃል» ስትለው «ሐኪም ቤት የምንወስደው ቦራን ነው» ብሎ ሳቀባት። ደግማ ስታነሳው ተቆጥቶ ሳህን ሰበረ። የሰፈሩ በያጅ የሚጥል በሽታ አለበት ሲባል «እንዲህ ያለ ሰው ብረት ሊይዝ አይገባም» ብሎ አደባባይ የተናገረው እሱ ነው፤ በያጁም በዚያው ደንበኛ አጥቶ ሰፈር ለቋል። እንዲህ ያለ ሰው ሚስት ምን ታድርግ? አፉን ፈራች፤ ለሕጻናቱም ፈራች፤ ስለዚህ እሱ ራሱ ደጋግሞ «የቦራ ነው» የሚላትን በሽታ ለቦራ ሰጠችው፤ ጨርሶ እንዳይነሳና እሱም እንዳይነዳ ውሃ ጨመረችበት። ይሄ ምስኪን ወንድሟም ጥፋቱን በሱ እንድታላክክ ስሙን ሰጣት። በሰልፉ ፊት አንገቱን የደፋው አፍሮ አልነበረም፤ እያወቀ ነው የተሰደበው።

ዳይሬክተሯ ከቢሮዋ እየሮጠች ደረሰች። ቦራ ሜዳውን ሲያቋርጥ አላየችም ነበር፤ ጩኸት ሰምታ ነው የመጣችው። «ምን ሆናችሁ? ለምን እዚህ መጣ?» ብላ ግድግዳውንና ማሽኑን እያፈራረቀች አየች።

መፍቻ አፉን ሳይከፍት አማቹ ቀደመው። «ቤንዚኑ ነው እመቤት። ውሃ ገብቶበታል፤ ሲንተፋተፍ መሪው አስቸግሮት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማደያው ሠራተኛ ነኝ።»

«እንግዲያው ከእርስዎ አይደለም» አለችው ለመፍቻ፣ ተንፈስ ብላ። «አስደነገጣችሁኝ እኮ! በሉ ቤንዚኑን ቀይሩና ይጨርሱልኝ። እኔንም ሌላ ሰው ከመጥራት ይገላግሉኝ።» ከዚያ አማቹን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ጭቃውን፣ የተጠቀለለ ሱሪውን። «አንተ ግን አታፍርም?»

አማቹ አንገቱን ደፋ። ልክ እንደዚያን ቀን።

መፍቻ ዝም ቢል ሥራው አለለት። ዝም ቢል ነገም መፍቻ ነው፤ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም የሚባል ሰው ነው። የተከተከተውን ኳስ አየ። መስኮቱ ላይ ያሉትን ፊቶች አየ።

«ቤንዚኑ ንጹሕ ነው» አለ። ድምፁ የሱ አልመሰለውም። «ማሽኑም ደህና ነው፤ ዛሬ ጠዋት በእጄ ነው የሠራሁት። የታመምኩት እኔ ነኝ። ራሴን ስቼ ነው እዚህ የደረስኩት። ደወሉ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ…»

ዳይሬክተሯ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። መስኮቱ ወዳለበት ዞራ፣ ፊቷ ነጭ ሆኖ፣ «መጋረጃውን ዝጉት» ብላ ጮኸች። ሜዳው ከእጁ እንደወጣ መፍቻ ገባው።

ሚስቱ የደረሰችው ያኔ ነው። በመስኮት ዘላ እንደወጣች ከክርኗ እስከ አንጓዋ የተላጠው ቆዳ ይናገራል፤ አንዱ እግሯ ባዶ ነው። መጀመሪያ ግድግዳውን አየች፣ ቀጥላ መስኮቱን፣ ከዚያ እሱን። «የተነካ ልጅ አለ?» አለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። «የለም» ሲላት ሳሩ ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። መፍቻ አጠገቧ በርከክ አለ። የሚላት ነገር ብዙ ነበር፤ በሩ፣ ሳህኑ፣ ያ ሁሉ ሩጫ። ባዶ እግሯን በመሐረቡ ጠረገላት፤ እስኪነጻ ጠረገላት።

«ተነሱ» አለ ከዚያ። «ማደያው እንሂድ።»

«ጋሼ፣ ተው» አለ አማቹ። «አሁን ተቀመጥ፤ ሐኪም ቤት ይቅደም። የኔ ነገር ነገ ይደርሳል።»

«ነገ ረስቼው ብነቃስ?»

ቦራን እዚያው ሜዳው ላይ ትተውት ወጡ፤ ሦስቱም በእግራቸው፣ እህትና ወንድም ግራና ቀኝ ሆነው።

ማደያው ሰልፍ ነበረው። ባለ ጄሪካኑ፣ ባለ ሞተር ብስክሌቱ፣ ብዙዎቹ ያን ቀን የነበሩ ናቸው። መፍቻ ከመቅጃው አጠገብ፣ ያኔ የጮኸበት ቦታ ላይ ቆመ። ኃላፊውን አስጠራው። ኃላፊው በእጁ ብዕር እንደያዘ ወጣ። «ያን ቀን ይሄን ልጅ ሌባ ብዬዋለሁ» አለ መፍቻ። «ሁላችሁም ሰምታችኋል። ዋሽቻለሁ። በሽታ አለብኝ፣ የሚጥለው ዓይነት፤ ሞተር ላይ እንዳለሁ ራሴን እስታለሁ። ቤንዚናችሁ አንድ ቀንም ውሃ ኖሮት አያውቅም። ወደ ቦታው መልሱት።» ከፊት ያለው ሰውዬ ጄሪካኑን ቀስ ብሎ ከመፍቻ እግር አጠገብ አራቀው። መፍቻ አየው።

ኃላፊው ግን ገና አልገባውም። ግንባሩን ቋጥሮ አንዴ መፍቻን አንዴ አማቹን አየ። «ቆይ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ውሃ አገኘሁ ብለህ በብርጭቆ አምጥተህ አሳይተኸኝ የለም እንዴ? በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ ያንን ውሃ ማን ነው የጨመረው?»

ሚስቱ አንገቷን ደፋች። መፍቻ እጇን ያዘ፤ ሁሉም እንዲያይ ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ሚስቴ ናት» አለ። «እግዜር ይስጣት።»